ጠበቅ ያለ ዝግጅት፣ ላላ ያለ እጅ

ጎንደር ፒያሳ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማኪያቶ ይዘው ከተቀመጡት መካከል ስንቱ «አንድ ቀን እሳላለሁ» ብሎ ያውቃል? አንዱ በልጅነቱ የደብተሩን ጀርባ በሥዕል ይሞላ ነበር። ሌላዋ አስተማሪዋ «እጅሽ ጥሩ ነው» ያሏትን እስከ ዛሬ አልረሳችም። ዛሬ ግን ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፤ ጊዜ የለም፣ ዕድሜው አልፏል፣ ዕቃው እዚህ አይገኝም። ይህ ጽሑፍ ሦስቱንም ሰበቦች በአንድ ሥዕል ሊያፈርስ ተነሥቷል። ሥዕሉ የጣና ነው፤ የሚሠራው በውሃ ቀለም ነው፤ የሚወስደው ጊዜ ደግሞ አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ተቀምጦ ከማየት ያንሳል።

አሠራሩ ላላ ያለ ነው። እያንዳንዱ ሞገድ አይቆጠርም፣ እያንዳንዱ የደንገል ዘንግ አይሳልም። ሠዓሊው መንገዱን ያሳያል፤ ውሃና ቀለም ወረቀቱ ላይ ተገናኝተው የቀረውን ይሠራሉ። ውጤቱን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ብዙ ጀማሪ የሚደናቀፈውም እዚህ ላይ ነው፤ ላላ ያለ ሥዕል ማለት ግድ የለሽ ሥዕል ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። እጅ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀሰው ራስ የራሱን ሥራ አስቀድሞ ሲጨርስ ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ ዝግጅታችሁን አጥብቁ፣ እጃችሁን አላሉ። ለሥዕል የሚሠራው ይህ ምክር ለፈተናም፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅም፣ አዲስ ለሚከፈት ሱቅም ይሠራል።

ጋጋሪዋ ታውቀዋለች

ይህን ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ምጣድ ዳር ሲያስተምሩን ኖረዋል። ሊጡ ቀናት ይቦካል፣ አብሲቱ ይጣላል፣ እሳቱ ይመጠናል፣ ምጣዱ ይታሰሳል። ይህ ሁሉ ጥብቅ ሥራ ነው፤ አንዱ ቢጎድል እንጀራው ራሱ ያጋልጣል። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲወርድ ግን ነገሩ የሰከንዶች ነው። እጅ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል ይዞራል፣ ያበቃል። መሐል ላይ ቆማ የምታርም ጋጋሪ የለችም። ዓይኑን የሚያወጣው ሙቀቱ ነው፤ የእርሷ ድርሻ ዓይኑ ሲወጣ አይታ አክንባሎውን መግጠም ነው። የተዘጋጀ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ተማምኖ የሚለቀው።

ባሕሩ ቅርብ ነው

የጎንደር ሰው ውሃ ለመሳል ምፅዋ ወይም ጅቡቲ መውረድ የለበትም። ከፒያሳ ተነሥታችሁ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጋችሁ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ጎርጎራ ትደርሳላችሁ። እዚያ የተዘረጋው ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደቡባዊ ዳርቻው ለዓይን አይደርስም። ሰማይ አለ፣ አድማስ አለ፣ ውሃ አለ፣ ከደንገል የተሠራ ታንኳ አለ፣ በየደቂቃው የሚለዋወጥ ብርሃን አለ። የባሕር ሥዕል ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ጣናን ሊስል የተቀመጠ ጀማሪ ግን ብሩሹን መጀመሪያ የሚነክረው ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነው። ያ ሰማያዊ ከፖስት ካርድ የመጣ ነው። ቆም ብሎ ውሃውን ያየ ሰው ሌላ ቀለም ያገኛል። በክረምት መገጭ፣ ርብና ጉማራ የደጋውን አፈር ተሸክመው ይገቡበታል። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ እጅግ በጠለቀበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ነፋስ ሲነሣ ከሥር ያለው ደለል አብሮ ይነሣል። በዚህ ምክንያት የጣና ውሃ ብዙ ጊዜ ወደ ቡናማ፣ ወደ ግራጫ፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሰማያዊው የሚመጣው ሰማዩ ሲንጸባረቅበት ነው፤ እርሱም ጠዋት ውሃው ረጋ ሲል ይበረታል፣ ከሰዓት በኋላ ሞገድ ሲነሣ ይቆራረጣል።

ይህን ማየት ከግማሽ በላይ ሥራ ነው። ስንቶቻችን የሌላ ሰው ሕይወት ያለውን ሰማያዊ ይዘን የራሳችንን ቡናማ ውሃ ስንንቅ እንኖራለን! በእጃችን ያለው ደሞዝ፣ በእጃችን ያለው ጊዜ፣ በእጃችን ያለው ችሎታ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው በቅጡ አይተን አናውቅም። የጣና ቡናማ በውሃ ቀለም ሲሠራ ከየትኛውም ፖስት ካርድ ይልቅ የሚያምር ቀለም ነው። ያላችሁን ውሃ ሳሉ።

ጎርጎራ መሄድ ዛሬ የማይመቸው ሰው መቅረት የለበትም። ራሱ ያነሣው ወይም ወዳጁ የላከለት አንድ ፎቶ ይበቃዋል። ፎቶውን ለአምስት ደቂቃ አይቶ ስልኩን ገልብጦ ቢያስቀምጥና ከትውስታው ቢሥል ደግሞ ይበልጥ ይጠቀማል፤ ትውስታ ትርፍ ዝርዝሩን ራሱ ይጥላል።

ዕቃው ከምታስቡት ያንሳል

የውሃ ቀለም ሥዕል ውድ ስቱዲዮ አይጠይቅም። ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ባለ 12 የቀለም ሳጥን ለመጀመር በቂ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ደግሞ በርትተው የሚሠሩት ሦስት ናቸው፦ አልትራማሪን የሚባለው ጥልቅ ሰማያዊ፣ በርንት ሲዬና የሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ፣ የአፈር መልክ ያለው ቢጫ። ሰማያዊውና ቡናማው ሲቀላቀሉ ግራጫ ይወጣቸዋል፤ ቡናማው ሲበዛ ሞቅ ያለ፣ ሰማያዊው ሲበዛ ቀዝቀዝ ያለ። የጣና ውሃ፣ የክረምት ደመና፣ የሩቅ ተራራ ሁሉ ከእነዚህ ይወጣል።

አንድ ሰፊ ብሩሽና አንድ ጫፉ የሾለ ብሩሽ ያዙ። ሰፊው ከግንባታ ዕቃ መደብር የተገዛ ጠጉሩ ለስላሳ የሆነ ቢሆንም ይሠራል። ለቀለም መቀላቀያ ነጭ ሳህን፣ ለውሃ ሁለት ብርጭቆ፣ ለማድረቂያ ሶፍት ወይም አሮጌ ጨርቅ፣ ወረቀቱን ለመለጠፍ ፕላስተርና ቁራጭ ኮምፔንሳቶ። ቆጥባችሁ ገንዘብ ልታወጡበት የሚገባው አንድ ነገር ወረቀት ነው። ቀጭን ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ግን ውሃውን ይሸከማል። አንዱን ትልቅ ወረቀት አራት ቦታ ብትቆርጡት አራት ሙከራ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የውሃ ቀለምን ዱቄት አያይዞ ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ከግራር ዛፍ የሚወጣ ሙጫ ነው። ይህን ሙጫ የሚሰጠው የግራር ዝርያ ከጎንደር ወደ ምዕራብ ስትወርዱ በመተማ ቆላ ይበቅላል። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥቁር ቀለማቸውን ሲበጠብጡ ሙጫ ይጨምሩበት ነበር። ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ ሙያ ነው» ብላችሁ ወደ ኋላ አትበሉ፤ በመሠረቱ ባዕድ አይደለም።

ከእጅ በፊት ራስ

ብሩሽ ከመንካታችሁ በፊት እርሳስ አንሡ። የክብሪት ሳጥን የሚያህል አራት ማዕዘን ሥሩና የምትሥሉትን ነገር በውስጡ በትንሹ ሞክሩት። ይህ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሥዕሉ የሚያምረውም የሚበላሸውም ግን እዚህ ነው። ሦስት ውሳኔዎችን ወስኑ።

አንደኛው አድማሱ የት ይዋል የሚለው ነው። መሐል ላይ ከዋለ ሰማዩና ውሃው እኩል ይካፈሉና ሥዕሉ ዋና ነገር ያጣል። ሰማዩን ለማሳየት ከፈለጋችሁ አድማሱን ዝቅ አድርጉ፤ ውሃውን ከፈለጋችሁ ከፍ አድርጉ። የትም ይዋል፣ ቀጥ ያለ ይሁን፤ ያዘመመ አድማስ ሐይቁን ያፈስሰዋል።

ሁለተኛው ነጩ የት ይቀራል የሚለው ነው። በውሃ ቀለም ነጭ ቀለም አይቀባም፤ ነጭ ማለት ያልተነካው ወረቀት ነው። በውሃው ላይ የሚያብረቀርቀው የፀሐይ መንገድ፣ ዳር ላይ የሚሰበረው የሞገድ አረፋ፣ የወፎቹ ክንፍ ሁሉ ባዶ የተተወ ወረቀት ነው። አንዴ ተቀብቶ ከደረቀ አይመለስም። ስለዚህ ሠዓሊው የመጀመሪያ ሥራው የማይነካውን መለየት ነው።

ሦስተኛው እጅግ ጥቁሩ ነገር የት ይሁን የሚለው ነው። አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ፤ ታንኳው ወይም ዳር ላይ ያለው ደንገል ይሁን። ጥቁር ሁሉም ቦታ ከዋለ ዓይን ማረፊያ ያጣል።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በሚቀጥለው ሳምንታችሁ ላይ አስቀምጧቸው። ከሁለቱ ትልልቅ ነገሮች ሰፊውን ቦታ የትኛው ያግኝ? የትኛውን ሰዓት ማንም እንዳይነካው ልጠብቅ? አንድ ነገር ብቻ አጠንክሬ ልሥራ ብል የትኛው ነው? ሰኞ ጠዋት መልሱን ወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰው እስከ ዓርብ እጁ አይንቀጠቀጥም።

አርባ ደቂቃ ከጣና ጋር

ወረቀቱን ኮምፔንሳቶው ላይ በፕላስተር ለጥፉና ከኋላው መጽሐፍ አስገብታችሁ ትንሽ አዘንብሉት፤ ቀለሙ ወደ ታች መውረጃ ያገኛል። ለሰማይ፣ ለውሃና ለጥላ የሚሆኑትን ቀለሞች ሳህኑ ላይ ቀድማችሁ በጥብጡ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ይፈዛል፤ ስለዚህ ሳህኑ ላይ «በዛ» እስክትሉ ድረስ አጠንክሩት። መሐል ላይ ቀለም ቢያልቅባችሁ አዲስ እስክትበጠብጡ የቀባችሁት ይደርቃል።

ሰማዩን በንጹሕ ውሃ አርጥቡ። አድማሱ አካባቢ ቢጫውን እጅግ ቀጭን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ከላይ ሰማያዊውን ጣል ጣል አድርጉ። ቀለሞቹ እርስ በርስ ሲፈላለጉ ታያላችሁ። እዚህ ላይ እጅ ይቸኩላል፣ ሊያስተካክል ይከጅላል። ተዉት። ደመና ከፈለጋችሁ ሶፍት ጠቅልላችሁ አንድ ሁለት ቦታ ጫን አድርጉ፤ ቀለሙ ይነሣና ነጭ ደመና ይቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ጥበብ ነው። ወረቀቱን ከጎኑ እዩት። ላዩ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ከሆነ አዲስ ቀለም ቢገባበት ለስልሶ ይሰራጫል። ብርሃኑ እየደበዘዘ ሲሄድ እጃችሁን አንሡ፤ በዚያ ሰዓት የገባ ውሃ የተቀባውን እየገፋ ዳሩ የተቆራረጠ፣ አበባ የመሰለ እድፍ ይተዋል። ብርሃኑ ጨርሶ ሲጠፋ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉ፤ ከቀዘቀዛችሁ ገና እርጥብ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በውሃ ቀለም ደግሞ የዘገየም ይደርቅበታል። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና በበጋ፣ በደረቁ አየር ወረቀት ቶሎ ይደርቃል፤ በክረምት ያው ወረቀት ብዙ ያስጠብቃል። የራሳችሁን አየር እወቁ።

ሰማዩ ሲደርቅ ሩቅ ያለውን ምድር አስገቡ። ሩቅ ነገር ይፈዛል፣ ወደ ሰማያዊም ያደላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ በሰፊው ብሩሽ ጎተት አድርጋችሁ እለፉ። አንዱ የተራራ ጠርዝ ደመናው ውስጥ ቢጠፋ አትከተሉት፤ የጠፋውን የሚያይ ሰው በዓይኑ ይሞላዋል።

አሁን ውሃው። ሰፊውን ብሩሽ ቀለም አስነክራችሁ በሶፍት ትንሽ አድርቁት። ብሩሹን አጋድማችሁ ከግራ ወደ ቀኝ በፍጥነት ጎትቱት። ወረቀቱ ሸካራ ስለሆነ ቀለሙ ጉብታው ላይ ብቻ ያርፋል፣ ስርጉዱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያ ነጭ በውሃ ላይ የምትጫወተው ፀሐይ ናት። በዝግታ የተጎተተ ብሩሽ ይህን አይሰጥም፤ ስርጉዱን ሁሉ ይሞላዋል። እዚህ ድፍረት ብልሃት ነው። ከአድማሱ አጠገብ መሥመሮቹን ቀጭንና የተቀራረቡ፣ ወደ እናንተ ሲመጡ ሰፊና የተራራቁ አድርጓቸው፤ ውሃው ይተኛል።

በመጨረሻ ታንኳው። በሹሉ ብሩሽ፣ በወፍራም ጥቁር ቀለም፣ ሁለት ንክኪ ለታንኳው፣ አንድ ንክኪ ለቀዛፊው። ቀለሙ ሳይደርቅ ከሥሩ በእርጥብ ብሩሽ ወደ ታች ሳብ አድርጉት፤ ነጸብራቁ ይሆናል። ፊት አትሥሉ፣ ጣት አትሥሉ። ከዚያ ብሩሹን ውሃ ውስጥ አስቀምጡና ከወንበራችሁ ተነሡ።

ከእኛ በፊት የሳሉ

የውሃ ቀለም ሥዕል ጎንደር ውስጥ ሲሠራ የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ረዳት አድርጎ አምጥቶ ነበር። ባሉጋኒ ያኔ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ነበር። በዚህ ጉዞ ያያቸውን ዕፅዋት ቅጠል በቅጠል በውሃ ቀለም ሥሏል። ብሩስ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከታተሙት የዕፅዋት ሥዕሎች መካከል ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ቁልቋል፣ እንሰትና ጤፍ ይገኛሉ፤ ዛሬም ከቤታችን ደጃፍና ከገበያችን የማይርቁ ናቸው።

ባሉጋኒ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥም የሚገባውን ቦታ አልሰጠውም። ወደ አባይ ምንጭ አብሮት ሄዶ ሳለ ከጉዞው በፊት የሞተ አስመስሎ ጻፈ። ሥዕሎቹ ግን ተረፉ። ብዙዎቹ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል፤ ተመራማሪዎችም በሠዓሊው ስም አጥንተው አሳትመዋቸዋል። አለቃችሁ ስማችሁን ከሪፖርቱ ላይ ቢዘለው፣ ባልደረባችሁ ሐሳባችሁን የራሱ አድርጎ ቢያቀርበው ተስፋ አትቁረጡ። በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ምስክርነቱን በራሱ ላይ ይዞ ይኖራል።

«ዕድሜዬ አልፏል» የሚለው ሰበብ ደግሞ ለአሜሪካዊው ዊንስሎ ሆመር ይነገረው። ሆመር ለዓመታት የጋዜጣና የመጽሔት ሥዕል ሠሪ ነበር፤ የአሜሪካንን የእርስ በርስ ጦርነት ሳይቀር ለመጽሔት ሥሏል። የውሃ ቀለምን በቁም ነገር የያዘው እ.ኤ.አ. በ1873 በጋ ነው፤ ያኔ 37 ዓመቱ ነበር። የተቀመጠውም ግሎስተር በምትባል የዓሣ አጥማጆች ወደብ ላይ ሆኖ ልጆችንና ጀልባዎችን እየሣለ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1881 እንግሊዝ አገር ወደምትገኝ ካለርኮትስ ወደምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ሄዶ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ፣ ባሕሩን በየቀኑ አየ። ዛሬ ስለ ባሕር ሥዕል ሲነሣ ስሙ የማይዘለል ሰው ነው። በ37 ዓመት ተጀምሮ የደረሰበትን አስቡ፤ በ25 እና በ50 ዓመታችሁ የምትፈሩት ምንድን ነው?

«ተሰጥኦ የለኝም» የሚለውስ? እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር ተሰጥኦ ነበረው፤ በ14 ዓመቱ የለንደኑ የሮያል አካዳሚ ትምህርት ቤት ገባ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1851 ሲሞት ለአገሩ ከተላለፈው ሥራ ውስጥ ከ30,000 በላይ የሚሆነው በወረቀት ላይ የተሠራ ነበር። ከመካከሉ ብዙው ሙከራ ነው፦ ቶሎ የተቀቡ ሰማዮች፣ ሁለት ሦስት የቀለም ሠረዞች፣ ገና ያልተለየ ውሃ። ያ ታላቅ ሠዓሊ ያን ያህል ወረቀት ከፈጀ ጀማሪ አሥር ወረቀት ሲበላሽበት ለምን ያዝናል? የመጀመሪያዎቹ ይበላሻሉ፤ ይበላሹ። ጀርባቸው ለቀለም መሞከሪያ ያገለግላል።

ከፒያሳ ብዙም ሳትርቁ ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቡና ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ። የመላእክቱ ፊቶች ረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ክንፍ አላቸው፣ ሁሉም ትልልቅ ዓይን አላቸው። ያ የሥዕል ወግ በጠንካራ መሥመር የታሠረ ነው፤ እያንዳንዱ ቅርጽ ዳሩ ተከትቦ ይዘጋል። ላላ ያለ የውሃ ቀለም ደግሞ ዳሩን ይከፍታል። መንገዳቸው ይለያያል፤ እጁ የሠለጠነበት ዘዴ ግን አንድ ነው፦ ያንኑ ፊት ደግሞ ደጋግሞ መሥራት። እነዚያ ሠዓሊዎች አንዱን ፊት ጨርሰው «በቃኝ» ቢሉ ኖሮ ያ ጣሪያ ባዶ በቀረ ነበር።

መቼ ይበቃል?

ከሁሉ የሚከብደው መጀመር ይመስለናል። ብሩሽ የያዘ ሰው ግን ማቆም የበለጠ እንደሚከብድ ይነግራችኋል። ሥዕሉ መልክ ይዟል፤ ታንኳው ተንሳፏል፤ እጅ ግን «አንድ ደመና ብጨምር፣ ይህን ሞገድ ባስተካክል» ይላል። በዘይት ቀለም ከሆነ በላዩ ላይ ይደገማል። የውሃ ቀለም ሲደጋገም ግን ይደፈርሳል፤ ከወረቀቱ የሚመለሰው ብርሃን በቀለም ንብርብር ይታፈናል።

የማቆሚያ ደንብ ይኑራችሁ። በእርሳስ ያወጣችሁትን ትንሽ ንድፍ አጠገቡ አስቀምጡ። አድማሱ ቦታውን ይዟል? ነጩ ተጠብቋል? ጥቁሩ አንድ ቦታ ላይ ነው? ሦስቱም ከተመለሱ ሥዕሉ አልቋል፤ የቀረው ፍርሃት ነው። ከወንበር ተነሥቶ ሦስት እርምጃ ርቆ ማየት ደግሞ ከማንኛውም እርማት ይበልጣል፤ ከቅርብ ስሕተት የመሰለው እድፍ ከሩቅ የውሃ ጥላ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ለሥራ ሰው ትልቅ ምክር ነው። ማመልከቻውን አሥር ጊዜ እያረመ ቀነ ገደቡ የሚያልፍበት አለ። ንግዱን «ገና አልተሟላም» እያለ ሳይከፍት ዓመት የሚያልፈው አለ። ሁለቱም ትጉሃን ናቸው፤ የጎደላቸው አስቀድሞ የተጻፈ «እዚህ ስደርስ በቃኝ» የሚል መሥመር ነው። መሥመሩ ከሌለ ፍጽምና ፍለጋ ራሱ መዘግየት ይሆናል።

እስከ ጥር 11

ግብ የሌለው ልምምድ ይበርዳልና ቀን የተቆረጠለት ግብ እንያዝ። ጥምቀት ሲቃረብ የቀሃ ወንዝ ውሃ ተጠልፎ የፋሲለደስ መዋኛን ይሞላል። የግንቡን አጥር አቅፈው የወረዱት የዛፍ ሥሮች፣ መሐል ላይ የቆመው ሕንፃ፣ ከሥሩ የሚወዛወዘው ነጸብራቅ ለውሃ ቀለም የተሠራ ይመስላል። ይህ በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እንግዳው ካሜራ ይዞ ይመጣል፤ የከተማው ልጅ ብሩሽ ይዞ ቢጠብቀው ምን ይለዋል!

እስከዚያ ያለውን ጊዜ እንዲህ ከፋፍሉት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰማይ ብቻ ሳሉ፤ ከመስኮታችሁ የሚታየው ይበቃል። ቀጥሎ በደረቅ ብሩሽ የውሃ መሥመር ብቻ ተለማመዱ፤ ብሩሹን ፈጠን አድርጎ የመጎተቱ ነገር እስኪለመድ። ከዚያ ሦስቱን ውሳኔዎች ይዛችሁ ጣናን ሙሉ አድርጋችሁ ሳሉ። በየሥዕሉ ጀርባ ቀኑንና አንድ የተማራችሁትን ነገር ጻፉ። የተበላሹትን አትቅደዱ፤ እድገታችሁን የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው። አንድ ጓደኛ ጨምሩ፤ ሁለት ሰው የተቀጣጠረበት ቅዳሜ በቀላሉ አይሰረዝም። ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ አስቀምጧቸው፤ ሕፃን «ይበላሽብኛል» ብሎ አይፈራም፣ ከእርሱ የምትማሩት አለ።

ጥር ሲገባ መዋኛው አጠገብ ወረቀት ዘርግታችሁ በአርባ ደቂቃ አንድ ሥዕል ጨርሳችሁ ትነሣላችሁ። ያኔ አጠገባችሁ የቆመ አንድ ሰው «ይህን የት ተማራችሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ትርፉን ብሩሽ ስጡትና አጠገባችሁ አስቀምጡት።